አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

መልእክቱ የገባው ማታ ነው። ግሩፑ የፕሮግራመሮች የቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ እኔም ከአድሚኖቹ አንዱ ነኝ። የጻፈው ልጅ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቱ ነው። ሥራ አግኝቷል፤ ውሉ እጁ ላይ ነው፤ በቅርቡ ይፈርማል። አንድ አንቀጽ ግን እንቅልፍ ነስቶታል። ሠራተኛው ተቀጥሮ በሚቆይበት ጊዜ የሚጽፈው ማንኛውም ሶፍትዌር፣ በሥራ ሰዓትም ሆነ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በድርጅቱ ኮምፒውተርም ሆነ በራሱ፣ የድርጅቱ ንብረት ይሆናል ይላል።

ልጁ ደግሞ ከተማሪነቱ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት የሚሠራው አንድ አፕ አለው። የእድር ሂሳብ መያዣ ነው። እናቱ የሰፈራቸው እድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ማን ከፈለ፣ ማን ውዝፍ አለበት፣ ለማን ቀብር ስንት ወጣ የሚለውን ከደብተር ደብተር ሲያገላብጡ እያየ ነው የጀመረው። ጥያቄው አጭር ነበር። «ይሄን ከፈረምኩ አፑ የነሱ ሆነ ማለት ነው? ደግሞ ስራው እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። እንደዚህ አይነት ውል የፈረማችሁ አላችሁ?»

የመጀመሪያው መልስ ይህ ነበር፦ «ሥራ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው። በእሳቱ ሰ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቴሌግራም ላይ የቆየ ሰው ሁሉ ይገምተዋል። አንዱ «ዘንድሮ ማን ይለያል፣ ሁለቱም ያስኬዳል» አለ። ሌላው ፊደሉን ካላከበርን ምን ቀረን አለ። ሦስተኛው ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች ቀንሰን እንገላገል አለ። ይሄኔ ቅርስ፣ ማንነት፣ የማን ፊደል፣ የማን ቋንቋ የሚሉ ነገሮች መጡ። ብሔር ተነሳ። ስድብ ጀመረ። አንድ አድሚን የግሩፑን ደንብ ለጠፈ፤ «ፖለቲካ ክልክል ነው»። አንድ ሰው ዘግይቶ ገብቶ «ልጁ እኮ የጠየቀው ስለ ውል ነው» ቢል፣ «እሱም ያው ፖለቲካ ነው፤ ስለ ኮድ እናውራ» የሚል መልስ ተሰጠው።

ጠዋት ስገባ ልጁ መልእክቱን አጥፍቶታል። ስለ ሠ እና ሰ የተባለው ግን አንድም ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። ጥያቄው የለም፤ ጭቅጭቁ አለ። ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ፊደሉም ቁም ነገር አለው

ሰዋስውና ፊደል ተራ ነገር ነው የምል ሰው አይደለሁም። እንጀራዬ ጽሑፍን የሚፈልጉ፣ የሚያጣሩና የሚያከማቹ ፕሮግራሞችን መሥራት ነው። ለጆሯችን አንድ የሆነው ለማሽኑ አንድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ላይ ሥ ቁጥሩ 1225 ነው፤ ስ ደግሞ 1235። «ሥራ» ብሎ የፈለገ ሰው «ስራ» ተብሎ የተጻፈ ማስታወቂያ ላያገኝ ይችላል። ማስታወቂያው አለ፣ ሰውየው አለ፣ ግን አይገናኙም። ሐኪም፣ ሀኪም፣ ኀኪም ብለው የሚጽፉ ሰዎች ስም አንድ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚፈጠር የሠራበት ያውቃል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፍለጋ ላይ ሦስቱን ሀዎች እንደ አንድ ይቁጠር ወይስ አይቁጠር የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ሰው የሚፈልገውን ማግኘቱ በሱ ላይ ይንጠለጠላል።

ፊደላችን እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባውም በክርክር ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ፎንት ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሻጭ የራሱን ቁልፍ፣ የራሱን ኮድ ይዞ ነበር የሚሄደው። አንድ መሥሪያ ቤት አንዱን ከገዛ በሱ ታሰረ ማለት ነው። እንግዲህ እዚህ ጋ ፊደልና የድርጅት ጉልበት ተለያይተው አያውቁም። የትኛው ፊደል የት ቁጥር ላይ ይቀመጥ የሚለውን ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች ለኛ የሠሩት ሥራ ትልቅ ነው፤ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ የምታነቡት በነሱ ድካም ነው።

ያን ማታ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አልተነሳም። ማንም ስለ ፍለጋ አላወራም። ማንም አንባቢ ተቸገረ አላለም። «ስራ» የሚለውን ያልተረዳ ሰው አልነበረም። እርማቱ ልጁ የተናገረውን ግልጽ አላደረገም፤ ልጁን ከወሬው አወጣው። እኔ እርማትን የምመዝነው በዚህ ነው። ከእርማቱ በኋላ ጥያቄው ይበልጥ ይሰማል ወይስ ይጠፋል?

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ፊደል ማረም ምንም አያስከፍልም። ደሞዝ አይቀንስም፣ ማንንም አያስቀይምም፣ እንዲያውም አዋቂ ያስመስላል። ስለ ፓርቲና ስለ ብሔር መጨቃጨቅ ትንሽ ያስከፍላል። ስለ አሠሪ መናገር ግን እንጀራ ያስከፍላል። ስለዚህ ክርክሩ ሁልጊዜ ወደ ርካሹ ያዘነብላል። አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ለዚህ ነው። ልጁ ያነሳው ስለ አህያው ነበር፤ ግሩፑ ሌሊቱን ሙሉ ዳውላውን ሲደበድብ አደረ።

የታረመው ጽሑፍ የማን ሆነ?

ይህ የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በሙያችን ውስጥ ትልቁ የጥያቄና መልስ ቦታ ስታክ ኦቨርፍሎው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር ጀምሮ ጽሑፍ ማረም እንደ ክብር የሚታይበት ቤት ነው። የሌላውን ሰው ጥያቄ አርመህ እርማትህ ከጸደቀልህ 2 ነጥብ ታገኛለህ። ነጥብህ 2000 ሲደርስ ማንንም ሳታስፈቅድ ታርማለህ። «እንደምን ዋላችሁ» እና «አመሰግናለሁ» እዚያ እንደ ትርፍ ነገር ይቆጠራሉ፤ አራሚዎቹ ያወጧቸዋል። ሰላምታ ሳይጨርስ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር በሆነበት አገር ያደገ ሰው መጀመሪያ ሲያየው ይደነግጣል።

ምክንያቱ ግን ይገባኛል። ጥያቄው የጠያቂው ብቻ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ያው ችግር የሚገጥመው ሰውም ሊያገኘው ይገባል። ብዙ ሰው በነጻ፣ ከእንቅልፉ ቆርሶ፣ የማያውቀውን ሰው ዓረፍተ ነገር አቃንቷል። እኔም አገር ውስጥ የሚጠየቅ ሰው ባልነበረኝ ጊዜ የተማርኩት ከነዚያ ከተቃኑ መልሶች ነው። ውለታቸው አለብኝ።

ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሮሰስ የተባለው ኩባንያ ስታክ ኦቨርፍሎውን በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ፕሮሰስ የደቡብ አፍሪካው የናስፐርስ ልጅ ነው። ናስፐርስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1915 የተመሠረተው የአፍሪካነሮችን ጋዜጣ ለማሳተም ነበር። የመጀመሪያው ጋዜጣ አዘጋጅ ዲ. ኤፍ. ማላን ኋላ ላይ አፓርታይድን በአዋጅ ያቆመው መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። አንድ ቋንቋ እንዲከበር የተቋቋመ ማተሚያ ቤት፣ ብዙ ሚሊዮን ሰው ያለ መብት ላስቀረ ሥርዓት አፍ ሆኖ አገለገለ። ከቡድኑ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሚዲያ24 ለዚያ ታሪክ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ይህን ያነሳሁት ቋንቋና ገንዘብ አንድ ጣሪያ ሥር ማደር የጀመሩት በኢንተርኔት ዘመን እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ወደ ጉዳያችን ስመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ይኸው የስታክ ኦቨርፍሎው ኩባንያ በሚያስተዳድራቸው ድረ ገጾች ላይ ስለ ተውላጠ ስም ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። ሰዎች በመረጡት ተውላጠ ስም ካልተጠሩ ጥፋት ነው ወይ የሚል ደንብ እየተዘጋጀ ነበር። አንዲት በጎ ፈቃደኛ አስተናባሪ በዚህ ክርክር መሃል ከኃላፊነቷ ተነሳች። ብዙ አስተናባሪዎች ተከትለዋት ለቀቁ። እንዴት መጠራት አለብኝ የሚለው ለሚመለከታቸው ሰዎች የሰዋስው ጥያቄ አልነበረም፤ የክብር ጥያቄ ነበር፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም። ግን ከጎኑ ሌላ ጥያቄ ነበር። ደሞዝ የማይከፈለውን፣ ለዓመታት ያገለገለን ሰው፣ አንድ ኩባንያ በየትኛው ሥርዓት ያነሳዋል? ይህኛው ጥያቄ የተውላጠ ስሙን ግማሽ ያህል እንኳ ጆሮ አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ2023 አስተናባሪዎቹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ መልሶችን እንዳያነሱ ኩባንያው ሲከለክላቸው፣ ሥራ አቆሙ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ደግሞ ኩባንያው ቻትጂፒቲን ከሠራው ከኦፕን ኤአይ ጋር ስምምነት ማድረጉን አስታወቀ። ለዓመታት የተጠራቀመው፣ የታረመው፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር የተስተካከለው እውቀት ለማሽን ማስተማሪያነት ቀረበ። የተቆጡ ሰዎች የራሳቸውን መልስ ሊያጠፉ ሞከሩ። መልሶቹ ተመለሱ፤ የአንዳንዶቹ አካውንት ለጊዜው ታገደ። ሲመዘገቡ የተስማሙበት ውል ላይ የሰጡትን ፈቃድ መልሰው መውሰድ እንደማይችሉ ተጽፏል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ሰው ፊደል ሲያርምና ነጥብ ሲቆጥር፣ የባለቤትነቱ ወረቀት በሌላ በኩል አልፎ ነበር።

እድር መያዣውን አፕ የሠራው ልጅ የጠየቀው ይህንኑ ነው። ከመፈረሙ በፊት ነው የጠየቀው። ይህን ያሰበ ልጅ «ሥራ»ን በየትኛውም ሰ ቢጽፈው ከብዙዎቻችን ቀድሟል።

«ፖለቲካ ክልክል ነው»

ደንቡን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። አሁንም ስለ ምክንያቱ እከራከራለሁ። አንድ ሰው ስም ብቻ አይተው ብሔሩን የሚገምቱበት፣ ከዚያም ኮዱን ሳይሆን እሱን የሚያብጠለጥሉበት ጊዜ ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከመቀሌ፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዳማ፣ ከዋሽንግተን የገቡ ልጆች አንድ ግሩፕ ውስጥ ስለ ዳታቤዝ እየተማማሩ እንዲቆዩ ከተፈለገ፣ የሚዘጋ በር መኖር ነበረበት። በዚያ ደንብ ምክንያት ያልተፈነቃቀሉ ወዳጅነቶች አሉ።

ግን ደንቡ እያደገ ሄደ። መጀመሪያ የከለከለው የፓርቲ ቅስቀሳና የብሔር ስድብ ነበር። ቀስ እያለ ሰው የማይመቸውን ነገር ሁሉ መዝጊያ ሆነ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲጠፋ የውጭ ደንበኞቻቸውን ያጡ ልጆች ነበሩ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ከኔትወርክ ስትቆረጥ፣ አብረውን ሲጽፉ የነበሩ ልጆች በአንድ ቀን ዝም አሉ። የካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም ራሱ ተገድቦ ለወራት ገደብ በሚያሳልፍ ፕሮግራም፣ በቪፒኤን ነበር የምንገባው። ይህን ግሩፕ ላይ ያነሳ ሰው «ፖለቲካ ነው» ተባለ። ኢንተርኔት የሌለው ፕሮግራመር ምን ይጽፋል? ስለ ኮድ ብቻ እናውራ ለማለት መጀመሪያ ማውሪያው መኖር አለበት።

ውጭም ቢሆን ኮድ ብቻውን ኖሮ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሀብ የአሜሪካን ማዕቀብ ጠቅሶ በኢራን፣ በሶሪያና በክራይሚያ ባሉ ተጠቃሚዎች ላይ ገደብ ጣለ። ምንም ያላጠፋ ልጅ ጠዋት ተነስቶ የራሱ የግል ኮድ ጋ መድረስ አቃተው። ጊትሀብን ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛው የተነገረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ደግሞ አስር ያህል የሩሲያ ፕሮግራመሮች የሊነክስ ስርዓተ ክወና እምብርት ከሆነው ከሊነክስ ከርነል ጠባቂዎች ዝርዝር ላይ ስማቸው ተነሳ። የተሰጠው ምክንያት ሕግን ከማክበር ጋር የተያያዘ መስፈርት የሚል አጭር ቃል ነበር። የሊነክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ውሳኔውን ደገፈ፤ ፊንላንዳዊ መሆኑንና የሩሲያን ወረራ እንደማይደግፍ በግልጽ ተናገረ። ሰው በውሳኔው ሊስማማም ላይስማማም ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ እንደ ኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር ነው። ዝርዝሩ የት እንደሚቀመጥና በየትኛው አገር ሕግ እንደሚዳኝ የማይጠይቅ ሰው፣ ስሙ ሲነሳ ብቻ ነው የሚነቃው።

«እሱም ያው ፖለቲካ ነው» የሚለው መልስ ያበሳጨኝ ለዚህ ነው። ውል ፖለቲካ ከሆነ፣ ደሞዝ ፖለቲካ ከሆነ፣ የሌሊት ድካም የማን ነው ማለት ፖለቲካ ከሆነ፣ ደንቡ የሚጠብቀው እርስ በርስ እንዳንጣላ ሳይሆን አሠሪዎች እንዳይጠየቁ ነው ማለት ነው። ይህን አስበን አላወጣነውም። የሚሠራው ግን እንደዚያ ነው።

በኢንቦክስ የመጣው መልስ

ያን ሁሉ ሳብሰለስል ቆይቼ፣ የመጀመሪያውን እርማት የጻፈችውን ሴት በኢንቦክስ አነጋገርኳት። በሙያው ከብዙዎቻችን የምትበልጥ ናት። ጀማሪ ሲመጣ ታግሣ የምታስረዳ ሰው ናት፤ ስለዚህ ነገሩ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። «እህቴ፣ ልጁ ተጨንቆ ጠይቆ ሳለ ለምን ፊደሉ ላይ?» አልኳት።

መልሷ ወዲያው አልመጣም። እየጻፈች መሆኗ ይታያል፤ ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «ፊደል ለማረም አልነበረም። ያንን አንቀጽ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። እኔም ፈርሜዋለሁ። ድርጅቱንም አወቅኩት። አለቃቸው እዚሁ ግሩፕ ውስጥ አለ፤ ልጁ አያውቅም። ሰው ሁሉ በላዩ ላይ እንዲያወራበትና መልእክቱ ቶሎ ወደ ላይ እንዲሄድ ነው የፈለግኩት። ሥራውን እንዳያጣ ብዬ ነው።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ልጁ «የፈረማችሁ አላችሁ?» ብሎ ነበር የጠየቀው። መልሱ ያላት ሰው የመጀመሪያዋ መላሽ ነበረች። መልሱን ይዛ ስለ ሠ ጻፈች።

ቀጥዬ ስለ ራሷ ጠየቅኳት። ከመቀጠሯ በፊት ከጓደኛዋ ጋር የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ለመሥራት ጀምራ ነበር። ከፈረመች በኋላ ተወችው። ማንም አቁሚ አላላትም፤ አንድም ቀን ሰው አልጠየቃትም። «ብሠራው የነሱ ይሆናል፤ ባልሠራው የማንም አይሆንም። ታዲያ ለምን እደክማለሁ?» አለችኝ። አንቀጹ ምንም ሳይወስድባት፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፍ ሥራውን ሠርቷል። ገና ያልተጻፈውን ኮድ እንዳይጻፍ አድርጓል።

እዚህ ላይ ነው ያ ሌሊት ሌላ መልክ የያዘልኝ። ፊደል የሚያርመው ሁሉ አዋቂ ለመምሰል ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። እሷ ግን ከአህያው ርግጫ ልጁን ልታድን ነው ዳውላውን የመታችው። ፍርሃቷ ተራ ፍርሃት አልነበረም፤ ግሩፑ ውስጥ ማን እንዳለ ታውቃለች። ከተማው ትንሽ ነው፤ ሙያው ደግሞ ከከተማው ያነሰ ነው። አንድ ስክሪንሾት ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ለመድረስ የቡና ሰዓት ያህል እንኳ አይፈጅበትም።

ደግነቷን አከብራለሁ። ግን ልስማማበት አልቻልኩም፤ ይህንንም ነገርኳት። ልጁ ከአለቃው ተጠበቀ፤ ከብቸኝነቱ ግን አልተጠበቀም። እንደሱ ያለ አንቀጽ የገጠመው እሱ ብቻ እንደሆነ እያሰበ ነው መልእክቱን ያጠፋው። እሷም ለዓመታት እንደዚያው ብቻዋን ስታስብ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ ወረቀት ይዘው፣ አንድ ግሩፕ ውስጥ ተቀምጠው፣ በመካከላቸው ስለ ንጉሡ ሠ ይወራል። ዝምታችን እያንዳንዳችንን ለየብቻ ይጠብቃል፤ አንድ ላይ ሲደመር ግን የሚጠቅመው ውሉን ያረቀቀውን ነው።

ከልጁ ጋር ውሉን አንድ ላይ አየነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በቅጥር ላይ ሆኖ ለተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለቤቱ አሠሪው ነው ይላል። ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ደሞዝ ተከፍሎበታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የልጁ ውል የሚጠይቀው ከ48ቱ ሰዓት በኋላ ያለውን ነው። ላልተከፈለበት ሰዓት ባለቤት ልሁን የሚል ነው።

እንዲህ ያለው አንቀጽ አሜሪካ ውስጥ ካሉ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ውሎች ጋር በጣም ይመሳሰላል። የሚገርመው ነገር፣ ኩባንያዎቹ በተሰበሰቡባት በካሊፎርኒያ የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 2870 አለ። ሠራተኛ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ዕቃ የፈጠረውን፣ ከአሠሪው የሥራ ዘርፍ ጋር ካልተገናኘና ለአሠሪው ከሠራው ሥራ ካልመነጨ፣ ውል ቢፈረምበት እንኳ አሠሪው አይወስደውም። ጊትሀብም እ.ኤ.አ. በ2017 ሠራተኛው በትርፍ ጊዜው የሠራው የራሱ እንዲሆን የሚፈቅድ የውል ረቂቅ አዘጋጅቶ ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ለቆታል። የውላቸው ቋንቋ ወደኛ ሲመጣ፣ የሠራተኛው መከላከያ እዚያው ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ግሩፑ ላይ የድርጅት ስም ሳይነሳ አንቀጹን ብቻ ለጠፍኩ። ከሥሩ የቴሌግራም ምርጫ አስቀመጥኩ፤ ማን ምን እንደመረጠ የማይታይበትን። «እንዲህ ያለ አንቀጽ ፈርመው ያውቃሉ?» የሚል ነበር። «አዎ» የሚለው ቁጥር ከገመትኩት በላይ ነበር። አንድም ሰው ፊደል አላረመም። በኋላ ጥቂቶች የድርጅቱን ስም ከነማኅተሙ ሸፍነው ውላቸውን ላኩልኝ። አንዱ ውል ላይ አንቀጹ ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ ላለ አንድ ዓመትም ይሠራል ይላል። ይህን የፈረመው ልጅ መፈረሙን እንኳ አላስታወሰም ነበር።

የእድሩ አፕ ጉዳይ በከፊል ተፈታ። ልጁ ከመቀጠሩ በፊት የጀመራቸውን ሥራዎች ዝርዝር በአባሪ እንዲያያዝለት ጠየቀ፤ ተስማሙ። አንቀጹ ግን እንዳለ ነው። ከዚህ በኋላ በሌሊት የሚጀምረው ነገር የማን እንደሆነ ያው እንደ ቀድሞው ተጽፏል። ፈርሟል፤ ደሞዙን ይፈልገዋል፤ እኔም አትፈርም አላልኩትም።

አሁን አድሚኖቹ ደንቡን እንደገና እየጻፍን ነው። የብሔር ስድብና የፓርቲ ቅስቀሳ ክልክል ሆኖ ይቀጥላል፤ በዚህ ሁላችንም ተስማምተናል። ውል፣ ደሞዝና የሥራ ሰዓት በግልጽ ይፈቀዳሉ። የሰው ፊደል ማረም የሚፈልግ ጥያቄው ከተመለሰ በኋላ ያርም የሚልም ገብቷል። ያልተስማማነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የኢንተርኔት መቋረጥ ነው፤ ሁለቱ አድሚኖች ለግሩፑ ደኅንነት ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውን አልንቀውም። ሁለተኛው አለቆች ግሩፑ ውስጥ ይቆዩ ወይስ አይቆዩ ነው። ይውጡ የሚሉት ይበዛሉ። እኔ ይቆዩ ባይ ነኝ። ያን አንቀጽ ያረቀቀ ወይም ያስፈረመ ሰው፣ አንዲት ጎበዝ ፕሮግራመር የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ መሥራት የተወችው በሱ ምክንያት መሆኑን ከሌላ ቦታ የሚሰማበት መንገድ የለውም። ለጊዜው ግን ውል የምንነጋገርበት ለብቻው ስም የማይታይበት ክፍል ከፍተናል። እሷም ገብታለች።